ወዶ ፈቅዶ የሰጠ

ጎባ፣ የካቲት ፲፫ ቀን ፲፰፻፺ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ከከተማ የመጣው ደብዳቤ ዛሬ በግቢው ተነበበ። አንባቢው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? ቀኛዝማች ኃይለየሱስ ማንበብ የማይወዱ ሰው ናቸው። አለመቻላቸውን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የመጻሕፍት ቤት ነው። በዋናው ከተማ የመንግሥቱ መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር የሚሰበሰብበት ታላቅ ቤት ተሠርቷል። አምና ጭነቱን ያደረሰው የነጋዴ አለቃ ተሰማ በዓይኑ አይቶታል፤ ሲያወራው አፌን ከፍቼ ነው የምሰማው። አንዱ ክፍል ወንጌል ብቻ፣ አንዱ ክፍል ገድል ብቻ፣ አንዱ ደግሞ የዐረብ መጽሐፍ። በየጥቅምቱ ሁሉም ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ የተቀደደው ይሰፋል፤ ያረጀው በአርባ ጸሐፊ ይገለበጣል። ለአይጡ ድመት ተሹሞለታል፣ ቀለቧም ከኔ ይበልጣል ይላል ተሰማ። እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ ከክረምት በፊት የሰበሰበውን ከነዝርዝሩ ይልካል፤ ዝርዝሩም በመስከረም በመኳንንቱ ፊት ይነበባል።

ከባሌ አምና የሄደው ሦስት ነው። አንዱን አይጥ በልቶታል።

"ሳቁብን" አሉ ቀኛዝማች። "ባሌ ተባለ፣ ሦስት ተባለ፣ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ዘንድሮ ሃያ እፈልጋለሁ። ሃያ ካደረስክልኝ አንተም ከመጽሐፉ ጋራ ትሄዳለህ፤ እዚያው ጸሐፊ እንድትሆን አስጽፍልሃለሁ።"

እኔ ተክለማርያም! ከቡልጋ ከጦሩ ጋራ መጥቼ አምስት ዓመት በዚህ ብርድ ጣቴ እየደነዘዘ የሹም ደብዳቤ የምጽፍ ሰው፣ አርባ ጸሐፊ ባለበት ቤት! እየሮጥኩ ቤቴ ገብቼ ለፈለቀች ነገርኳት። ነጭ ሽንኩርቷን መትከሏን አላቆመችም።

"ሃያውን ከየት ታመጣለህ?" አለች። ሚስቴ የሰው ደስታ ማበላሸት ታውቅበታለች።

የካቲት ፳፣ ቅዳሜ

ስድስት። ሰዉ ከአገሩ ሲነሣ ጠመንጃ እንጂ መጽሐፍ አልጫነም።

በእያንዳንዱ መጨረሻ ቅጠል እንደ ልማዳችን እጽፋለሁ፦ ይህን መጽሐፍ እገሌ ወዶ ፈቅዶ ሰጠ፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። "ወዶ ፈቅዶ" የሚለውን ደብዳቤው አጥብቆ ያዛል። ባልቴቷ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ የባላቸውን ድርሳን ሲያስረክቡኝ እያለቀሱ ነበር። ወደው ፈቅደው ብዬ ጻፍኩ። ምን ልጻፍ ታዲያ፣ አልቅሰው?

የካቲት ፳፬፣ ረቡዕ

ሮቤ ገበያ ወርጄ ሼህ ጁነዲን አገኘሁ። ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሆነን። መጀመሪያ የተያየነው በጣታችን ነው። አመልካች ጣቴ በቀለም መጥቆሯን አዩና የራሳቸውን የጠቆረች ጣት ከፍ አድርገው እያሳዩኝ "ካቲብ!" ብለው ጠሩኝ፤ ጸሐፊ ማለታቸው ነው። ካቲብ እንደተባልኩ ቀረሁ። እሳቸው ትንሽ አማርኛ አላቸው፣ እኔ ትንሽ ኦሮምኛ አለኝ፤ ቃል ሲያጥረን ስለ ቀለም አፈላል እናወራለን። የኛ ሰዎች ፂሙ የነጣውን ሽማግሌ "አንተ" ይሉታል። እኔ "እርስዎ" ነው የምላቸው፤ በዚህ እኮራለሁ።

ዛሬ ከሻያ ወንዝ ማዶ ቤታቸው ወሰዱኝ። ልጃቸው ሩቂያ፣ ባሏ የሞተባት፣ ብዙ የማትናገር ሴት፣ እርጎ አቀረበችልኝ። ጾም ነው አልኳት። እርጎውን አንሥታ የገብስ ቆሎ አመጣች። ከዚያ ሼህ ጁነዲ ሳጥናቸውን ከፍተው መጽሐፍ አወጡ።

እግዚኦ! ቀይ ቆዳ፣ ከፊት እንደ ምላስ ተጠቅልሎ የሚዘጋ፣ ጌጡ በትኩስ ብረት የታተመ። ውስጡ ብራና አይደለም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ወረቀት ነው። ጽሕፈቱ የዐረብ ነው፤ አንዱንም ፊደል አላውቅ፤ እጅ ግን ያስታውቃል፣ የአምስት ሰው እጅ አለበት።

"የሙታን ስም ነው" አሉኝ። "የአባቴ አያት ጀመሩት። በአዲሱ ዓመታችን ወር በዐሥረኛው ቀን ሰዉ ከገሰራም ከደሎ መናም ይመጣል። እኔ ስሙን አነባለሁ፤ ቤተሰቡ አሚን ይላል። ዱዓው የሚደርሰው ስሙ ለተነበበው ነው።"

የመጨረሻውን የተጻፈበት ገጽ ገለጡ። የራሳቸው እጅ ነው።

"ይሄስ?" አልኩ።

"እናንተ የመጣችሁ ዓመት ነው። አሥራ አራት ሰው፣ በአንድ ቀን።"

እኔም ወዲያው ስለ ስፌቱ ጠየቅኩ። ክሩ ሐር ነው ወይስ ጅማት? አልኩ። ሐር ነው አሉ። በዚያ ዓመት የጦሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። "ጠላት ተበተነ፣ አገሩ ጸጥ አለ" ብዬ ነው የጻፍኩት። የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት።

መጋቢት ፭፣ እሑድ

አሥራ ስምንት ደርሻለሁ።

የሼህ ጁነዲ መጽሐፍ ቤቴ ነው። ስፌቱን ለማጥናት ለሰባት ቀን ተዋስኩት። ስፌቱ ደግሞ በእውነት የሚጠና ነው፣ አልዋሸሁም። ሩቂያ በቋንቋዋ "አባ፣ አይስጡት" ስትላቸው ሰማሁ፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ። ሼሁ መዳፋቸውን በመጽሐፉ ላይ አድርገው "አማና ነው፣ ካቲብ" አሉኝ። አደራ ማለት ነው። እኔም መዳፌን ከመዳፋቸው አጠገብ አስቀመጥኩ።

መጋቢት ፲፪፣ እሑድ

ቀኛዝማች መጽሐፉን አዩት። ወደዱት። ቀረ በቃ። የጌታ ዓይን ካረፈበት በኋላ ምን አደርጋለሁ? አሥራ ዘጠነኛ ብለህ ጻፈው አሉ። ሃያኛው የራሳቸው የቀኛዝማች ይሆናል። ሞላ ማለት ነው።

ቀኑ ዛሬ ነበር፣ የመመለሻው።

መጋቢት ፲፬፣ ማክሰኞ

ጻፍኩበት። የአሥራ አራቱ ስም ያለበት ቅጠል ጀርባው ባዶ ነበር፣ እዚያ። "ሼህ ጁነዲ ዘሮቤ ወዶ ፈቅዶ ሰጠ፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን።" እጄ እንደዛሬ አምሮለት አያውቅም። ወረቀቱ ቀለም ይጠጣል፤ ብርዑን መጫን አያስፈልግም።

ፈለቀች በትከሻዬ በኩል ብቅ ብላ "የእስላም መጽሐፍ ላይ በጴጥሮስ ወጳውሎስ?" አለች።

"ልማድ ነው" አልኳት።

"እሳቸው ሰጡህ?"

"ነገርኩሽ እኮ!" ብዬ ጮኽኩባት። አልነገርኳትም ነበር።

መጋቢት ፳፩፣ ማክሰኞ

አጥር ላይ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ሩቂያ ናት። በእግሯ ከሮቤ ጎባ ድረስ፣ በዚህ ዝናብና ጭቃ። እኔ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ የዲያቆን ልጅ፣ ከጓሮ ከገብሱ ጎተራ ኋላ ሄጄ ተደበቅሁ። እዚያ ጎንበስ ብዬ የሚስቴን ውሸት ሰማሁ።

"ገሰራ ሄዷል" አለቻት ፈለቀች።

"መቼ ይመጣል?"

"እንጃ፣ የመንግሥት ሥራ ነው።"

"አባቴ፣ ካቲብ ታሟል ወይ ብለህ ጠይቅ ብሎ ነው የላከኝ። ስለ ኪታቡ አይደለም። ታሞ እንደሆነ ብሎ ነው።"

ሩቂያ አማርኛዋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ገባኝ። ኪታብ መጽሐፍ ነው። ለበሽተኛ ብላ ቅቤ ይዛ መጥታለች። ፈለቀች ቅቤውን ተቀብላ ገባችና ሳታየኝ "ላንተ ነው" ብላ አስቀመጠችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

መጋቢት ፳፯፣ መድኃኔዓለም

ጭጋግ። ሣጥን ማዘጋጀት። ቅቤው እንዳለ ነው። ፈለቀች ትፈስካለህ ብላ አኑራዋለች።

ሚያዝያ ፪፣ ቅዳሜ

ተሰማ ከአጋሰስ ነጂዎቹ ጋራ ሲሳሳቅ ሰማሁት። "ጸሐፊያችን ምላሱ ማር ነው! እኛ በጠመንጃ ያላስወጣነውን እሱ በሰላምታ አስወጣው።" ሊያመሰግነኝ ነው እንዲህ የሚለው። ሲያየኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳቅሁ።

ሚያዝያ ፰፣ ስቅለት

ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ ተልጧል። ሌላው ኃጢአቱን እየቆጠረ ይሰግዳል፤ እኔ አንዷን ብቻ ይዤ።

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ? "ቀኛዝማች መጽሐፉን አዩት" ብዬ ነበር። እንዴት አዩት? መጽሐፉ እግር አውጥቶ ሄዶ? እኔ ነኝ በጋቢዬ ሸፍኜ የወሰድኩት። አሥራ ስምንት ላይ ቆሜ ነበር፤ የጭነቱ ቀን ይመጣል፤ ያ አርባ ጸሐፊ ያለበት ቤት ዓይኔ ላይ ይሄዳል።

"ጌታዬ፣ ቢያዩት ደስ የሚልዎ ነገር አለኝ" አልኩ።

"የማን ነው?" አሉ።

"የአንድ ሼህ ነው።"

"ሰጠህ?"

ይህን ጠይቀውኛል፤ ስለ እውነት እመሰክርላቸዋለሁ። ቀኛዝማች ጠይቀውኛል።

"ሰጠኝ" አልኩ። ሰጡኝ እንኳ አላልኩም።

ገና ስዋሰውስ አስቤው ነበር? አላሰብኩም ብዬ ለራሴ ስምል ሰነበትኩ። መጽሐፉን ታቅፌ ሻያን ስሻገር በሆዴ "አሥራ ዘጠኝ" እያልኩ ነበር። በቃ፣ ይኸው ጻፍኩት። አፈር ልብላ።

ሚያዝያ ፲፩፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። አልቆረብኩም። የነፍስ አባቴ "ምነው?" አሉኝ፤ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ለነፍስ አባቴ! ፈለቀች ዶሮዋን ሠርታ አቀረበችና እኔ ቁርሴን ስገፋ አየችኝ።

"አባትህ ያወረሱህ ዳዊት ሣጥንህ ውስጥ ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እሱስ አሥራ ዘጠነኛ አይሆንም ነበር?"

አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ባልቴቶች እያስለቀስኩ ስዞር፣ የሰው አደራ ስበላ፣ የራሴ ዳዊት በልብሴ ሥር ተጠቅልሎ ነበር። የሌላው ሁሉ መጽሐፍ ለመንግሥት የሚሆን ነው፤ የኔ ግን የአባቴ ነው።

ሚያዝያ ፳፣ ረቡዕ

ሮቤ ገበያ ላይ ተገናኘን። መሸሽ አልቻልኩም፤ የፈረስ ገበያው መሐል ነበርኩ፤ ከፊቴም ከኋላዬም ፈረስ።

"ካቲብ! ነጋ? ዳንክ?" ነጋ በቋንቋቸው ሰላም ነው።

"ነጋ። ድኛለሁ።"

"ስፌቱ ገባህ?"

"ጥቂት ቀረኝ" አልኳቸው። ምላሴ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ እንጂ እኔ የተናገርኩ አልመሰለኝም።

"አስቸጋሪ ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ግዴለም፣ ዐሥረኛው ቀን ገና ነው።" ከዚያ አብሯቸው ወደ ቆመው የገሰራ ሰው ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ። የሰውየው ፊት ተቆጥቷል፤ ኪታብ፣ ኪታብ ይላል። ሼሁ ክንዱን ይዘው የመለሱለትን ሰማሁ፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ አላጣም። "ወዳጄ ዘንድ ነው" ነው ያሉት።

ቢሰድቡኝ ምናለ! ሰድበውኝ ቢሆን ተቀይሜ እገላገል ነበር።

ግንቦት ፩፣ ልደታ

ሁለት ሐሳብ። መጽሐፉ በቀኛዝማች ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ቁልፉ በኔ ወገብ ነው። ወር ተኩል ሙሉ በወገቤ ነው።

ግንቦት ፲፬፣ ቅዳሜ

ሣጥኖቹን አሰርን። ሃያውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለልኩ። አሥራ ዘጠነኛውን ስጠቀልል የአባቴን ዳዊት አስገባሁ፤ ቀዩን በጋቢዬ ውስጥ አደረግሁ። መጽሐፉ ወደ ቀኛዝማች የሄደው በዚሁ ጋቢ ነበር። ዝርዝሩን አዲስ ገለበጥኩ፦ "፲፱፣ ዳዊት፣ ተክለማርያም ወዶ ፈቅዶ ሰጠ።" ከሃያው እውነት የሆነው ይኸኛው ብቻ ይመስለኛል።

ሊታሸግ ሲል ቀኛዝማች መጡ። "ቀዩስ?"

"ከሥር ነው ጌታዬ፤ ዝናብ እንዳያገኘው።"

"ጎሽ" አሉ። ማኅተሙን ሲያሳርፉ ሣጥኑን ያዝኩላቸው። ውሸት እንዲህ ይለመዳል።

ግንቦት ፲፮፣ ሰኞ

ጭነቱ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ለቀኛዝማች "ሚስቴን ጥዬ መሄድ አልሆንልህ አለኝ" አልኳቸው። "አንተ ሰው ልብ የለህም" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላዩኝም። ከተማ ሲደርስ ቀዩ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ዞሮ እኔው ላይ ነው የሚመጣው፣ ይምጣ። ተሰማ ከበቅሎው ላይ ሆኖ "ድመቷን ሰላም እልልሃለሁ!" ብሎ ጮኸ። የመጨረሻዋ በቅሎ ጭጋግ ውስጥ እስክትገባ ቆሜ አየሁ። ያን ቤት አላየውም። እንባዬ መጣ፤ በዚህም አፈርኩ፤ ለሌላው ያላለቀስኩ ሰው ለዚህ አለቅሳለሁ።

ግንቦት ፳፣ ዓርብ

ምን አደረግሁ!

የጻፍኩበትን ሳልፍቅ ልመልስ አልቻልኩም። ወዶ ሰጠ የሚለውን ያየ ሹም ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ እንደገና ይወስድባቸዋል ብዬ ነው።

አይደለም። አማርኛ የሚያነብ ሰው ጠርተው ያስነበቡት እንደሆን ብዬ ነው። እንዳያውቁብኝ ነው።

ሃያ ዓመት ብራና ፍቄአለሁ። ካራዬን ስዬ፣ ቅጠሉን በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቼ፣ ያንኑ የለመደ እጄን አሳረፍኩ። ብራና ቆዳ ነው፣ ይታገሣል፤ ቀለሙ ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው፣ ይላጥልሃል። ይኸኛው ቀለሙን ጠጥቶታል። እኔም ቀለሙን ተከትዬ ወደ ታች ገባሁ፤ "ፋቀ" ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ ማቆም ሲገባኝ አንድ ጊዜ ደገምኩት። ከሥሩ ጣቴ ታየኝ። ልደግፈው ስል የሳሳው ወረቀት በካራው ተያዘና የቅጠሉ ታችኛው ግማሽ ከመሐሉ ተፍረክርኮ እጄ ላይ ቀረ።

አገላበጥኩት። በወዲያኛው ገጽ አሥራ አራቱ ነበሩ። ከላይ ስድስት መስመር አለ። የቀረው በካራዬ ጫፍ ላይ ፍርፋሪ ሆኗል። ብራና ነው ብሎ ወረቀት የሚፍቅ ጸሐፊ! ሕፃን ተማሪ ቢያደርገው በጥፊ ነበር የምለው።

ፍርፋሪውን አልጣልኩም። የት እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ግንቦት ፳፩

ወንዝ ልወርውረው አልኩ። ተቃጠለ ልበል አልኩ። ይህን ሁሉ አስቤአለሁ፤ ይጻፍብኝ።

ግንቦት ፳፫፣ ሰኞ

ነገ ዐሥረኛው ቀን ነው። ለፈለቀች አሳየኋት። ቀዳዳውን በጣቷ ዙሪያውን ነካች።

"ስሞቹ የእነማን ናቸው?"

"በዘመቻው የሞቱ ናቸው።"

"በእናንተ?"

"በኛ።"

ሻሿን ፈትታ መጽሐፉን ጠቀለለችበት። "ነገ ወይ አንተ ትወስዳለህ፣ ወይ እኔ እወስዳለሁ። ጎተራ ኋላ የምትደበቅ ከሆነ ግን ከዚያ አትመለስ።"

ግንቦት ፳፬፣ ማክሰኞ

እኔው ወሰድኩት።

ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ፈረሱ በአጥሩ ዙሪያ ታስሯል፤ ከገሰራ የመጡት አሉ፤ የተራራውን ብርድ አቋርጠው ከደሎ መና የወጡት ቆለኞች ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው እሳት ዳር ተኮልኩለዋል። ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። የገበያው ሰውዬ ዱላውን አጥብቆ ያዘ። ሼህ ጁነዲ ግን ከአጎዛቸው ብድግ ብለው "ኮቱ፣ ካቲብ፣ ና!" አሉና መጽሐፉን ከነሻሹ ተቀበሉኝ፤ ሻሹን ፈትተው አጣጥፈው መለሱልኝ። ለሰዉ ዞረው "አላልኳችሁም?" አሉ።

"ሼህ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ" አልኩ።

"በኋላ። ሰዉ መንገድ ይቀረዋል።"

ልጩህ? ልቀማቸው? ሄጄ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ንባቡ ተጀመረ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሩቂያ ጎናቸው ሆና ቅጠሉን ትገልጣለች። ስም ይጠራሉ፣ ከአንድ ጥግ አሚን ይባላል፤ ስም ይጠራሉ፣ ከሌላ ጥግ አሚን ይባላል። የአያት የቅድመ አያት ስም ነው፤ መልሱን የሚሰጡት ግን መርዶውን ዛሬ የሰሙ ያህል በሐዘን ነው። እኔ በሥራዬ ብዙ መጽሐፍ ቆጥሬአለሁ፤ ቅጠል እቆጥራለሁ፣ መስመር እቆጥራለሁ፤ መጽሐፍ ሲጠሩት ሰው የሚመልስ መሆኑን አላውቅም ነበር። እዚያ ከከተማው ቤት ቢደርስ ይህ መጽሐፍ የዐረብ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ በየጥቅምቱ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

የመጨረሻው ቅጠል ደረሰ። ሩቂያ ገለጠችና እጇ ቆመ። ቀና ብላ በሰዉ መሐል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። ዓይኔን መስበር እንኳ አልሆነልኝም።

ሼሁ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን በቅጠሉ ላይ አስኬዱ፤ ስድስቱን አነበቡ፤ ጣታቸው ቀዳዳው ጋ ደረሰች። ከዚያ መዳፋቸውን በቀዳዳው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከገጹ ሳያነሡ፣ በዚያው በንባብ ድምፃቸው ቀጠሉ። ሰባተኛ። አሚን። ስምንተኛ። አንዲት አሮጊት እያለቀሰች አሚን አለች። የሌለውን እያነበቡ ነው፤ የሚያውቁት እሳቸው፣ ሩቂያና እኔ ብቻ ነን። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።

ዝም አሉ። ሁሉም ይጠብቃል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ሰዉም ዘረጋ። የጎደለ እንዳለ ማንም አላወቀም፤ የሚመልስለት ዘመድ ስላልነበረው ነው።

ሰዉ ሲበተን ጠብቄ ሄድኩና እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ጋቢውን፣ ቀኛዝማችን፣ ወዶ ፈቅዶ ብዬ መጻፌን፣ ካራውን። በአማርኛም በኦሮምኛም፣ እንደመጣልኝ። ሩቂያ ቆማ ሰማች። "አባ፣ ይሂድ" አለች። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ይዟቸዋል፤ የምለውን ግማሹን የሰሙኝ አይመስለኝም።

"አሥራ ሦስቱ የኛው ሰዎች ናቸው" አሉ። "አብሬአቸው ኖሬአለሁ፣ አይጠፉኝም። አሥራ አራተኛው እንግዳ ነበር። ማር ጭኖ ከቆላ የመጣ ልጅ፣ ያን ሌሊት እኔ ቤት ነው ያደረው። ስሙን የነገረኝ ራት ስንበላ ነው፤ ንጋት ላይ መጣችሁ። ከኔ በቀር ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ጻፍኩት።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጽፌዋለሁ ብዬ ከልቤ አወጣሁት፣ ካቲብ።"

ከኪሴ ፍርፋሪውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፤ ሩቂያም አየች። ጥቁር አቧራ ነው።

"ስትፍቀው" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ያለ ቁጣ፣ በእውነት ተስፋ አድርገው፣ "ከመፋቅህ በፊት አንብበኸው ይሆን? አንዷን ፊደል እንኳ፣ መጀመሪያዋን?"

"የእርስዎን ፊደል አላውቅም" አልኳቸው።

"እህ" አሉ። ከጎናቸው አጎዛውን አስተካከሉልኝ። "ተቀመጥ እስቲ። ምናልባት ይመጣልኝ ይሆናል።"

ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረን ተቀመጥን። አልመጣላቸውም።